የማ ሊዮ ቤት የተሳበ ዕለት

ሊዮንቲንን፣ መንደሩ «ማ ሊዮ» የሚላትን፣ አንድም ቀን መርጫት አላውቅም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ኋላ ደግ ደጉን ሳወራ «ኢስሜ ለካ የፋኖስ ሰው ነበረች» የሚል እንዳይመጣብኝ። እኔ የጀልባ ፓርቲ ሰው ሆኜ ተወለድኩ፣ ጀልባ ሆኜ እሞታለሁ። አባቴ ጀልባ፣ ባሌ ነፍሱን ይማረውና ጀልባ፣ ውሻችን እንኳ የፋኖስ ፓርቲ መኪና ሲያልፍ ካልነከስኩ ይል ነበር። ያን ፓርቲ መሥርታ ፋኖሱን የለኮሰችው ደግሞ ሊዮንቲን ራሷ ናት። ከአንድ ወንዝ ቀድተን፣ በአንድ ቀን ቆርበን ያደግን ሴቶች ምርጫ ሲመጣ ሆድና ጀርባ ነበርን።

ግን የሬዲዮ ቁጣዋ ይናፍቀኛል። ምን ላድርግ? አሁን በሬዲዮ የሚናገሩት ልጆች አፋቸው ቅቤ ነው፤ ሰምተሃቸው ስትነሳ ምን እንዳሉ አታስታውስም። እሷ ስትናገር ግን ቢያንስ የምትናደድበት ነገር ታገኛለህ።

መጀመሪያ የተወዳደረች ጊዜ አሁንም ዓይኔ ላይ ነች። ግራን ሮሽ ገበያ መሐል፣ የሙዝ መጫኛ መኪና ላይ ወጥታ፣ የገለባ ባርኔጣዋን ደፍታ፣ መነጽሯን በክር አሥራ። የከተማ ወንዶች ከሥር ቆመው ይስቃሉ። «ባል የሌላት ሴት አገር ልታስተዳድር! ጉድ እኮ ነው!» ይላሉ። እኔም የጀልባ ልጅ ነኝና ከማንጎው ሥር ሆኜ ጮህኩ፦

«ሊዮ! ለመሆኑ ወጥ መሥራት ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም ኢስሜ!» አለች፣ ሳታመነታ። «እስከ ዛሬ አገሩን ሲያበስሉ የኖሩት ግን ወንዶቹ ናቸው፤ ይኸው ሁላችንም ጦማችንን ነን!»

ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ባሌ ሳይቀር ሳቀ። ለዚያች ሳቁ አንድ ሳምንት ሙሉ አኩርፌዋለሁ።

አሸነፈች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነች። ደሴታችን ትንሽ ናት፤ በአንዱ ዳር ያስነጠሰውን በሌላው ዳር «ይማርህ» የምንልባት ናት፤ እና ያን ያህል ዓመት አንድ ሰው ከላይ ሲቀመጥ ከቤተ ዘመድ ይቆጠራል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሬዲዮ ትቆጣን ነበር። ሐኪም ቤት ሳትናገር ትገባና አንሶላ ትገልጣለች። ሚኒስትሮቿ ኮቴዋን ሲሰሙ ሲጋራቸውን ኪሳቸው ውስጥ ይከታሉ፤ አንዱማ ሱሪው ተቃጥሏል ይባላል። አውሎ ነፋሱ የመታን ዓመት የጎማ ቦት ተጫምታ ወደቡ ላይ ቆማ ቆርቆሮ ስታድል፣ የራሷ ጣሪያ እንደ ወንፊት ያፈስ ነበር። እኛ ጀልባዎች ጠዋት ማታ እንሰድባታለን። የውጭ ሰው ከሰደባት ግን ወዮለት! አንድ የመርከብ ካፒቴን አረቄ ቤት ገብቶ «ያቺ አሮጊታችሁ» ቢል፣ ባሌ ጥርሱን አራግፎለታል።

ሥራዋ ሁሉ አንድ ወገን፣ የቀን ደመወዙ አንድ ወገን። ከእሷ በፊት የመንግሥት መንገድ ሲሠራ ሴቱ ድንጋይ ይሸከማል፣ ወንዱ ሙሉ ይከፈለዋል፣ ሴቷ ግማሽ። እሷ እኩል አደረገችው። በዚያ ላይ የመንደሩ መንገድ፣ ቦዩ፣ ድልድዩ ሁሉ በነጻ ጉልበት መሠራቱ ቀርቶ በደመወዝ ይሁን አለች። «ነጻ ጉልበት የባሪያ ዘመን ነው» አለች በሬዲዮ። እኔም ድንጋይ ተሸክሜ በገዛ ገንዘቤ የመጀመሪያዬን ጫማ ገዝቻለሁ። እግዜር ይስጥልኝ ብያለሁ፤ በሆዴ ብቻ ነው ያልኩት እንጂ።

ግን ደግሞ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። የመንደራችን ቤት የሳንቃ ነው፤ በድንጋይ ላይ ይቀመጣል። መሬት ሲከዳ፣ ወንድማማች ሲጣላ፣ ልጅ ሲያገባ፣ ቤቱን ከነመጋረጃው አንሥተን እንወስደዋለን። በደቦ ነው። ቅዳሜ ማለዳ ትልቁ የባሕር ዛጎል ይነፋል፣ ሰው ይሰበሰባል፣ ከሥር ግንድ ይገባል፣ ወፍራም ገመድ ይታሠርና ይሳባል። ዋጋ የለውም። ባለቤቱ የዳቦ ፍሬ የምንለውን የዛፍ ፍሬና የደረቀ ዓሣ ይቀቅላል፣ የሸንኮራ አረቄ ይቀዳል፤ በሌላ ቅዳሜ ደግሞ እሱ የሌላውን ይስባል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው።

ደቦ ግን ሕግ አለው። ባለቤቱ ራሱ ከታችኛው ቤት ጀምሮ ደጅ ለደጅ ይሄዳል። ሰው አይልክም። እጁን ባዶ አድርጎ «ክንድህን አበድረኝ» ይላል፤ ሌላ ቃል አይጨምርም። ሲሳብ ደግሞ ዘፋኟ የባለቤቱን ጥፋት ሁሉ እያነሣች ትዘፍናለች፣ ሳቢው «እውነት ነው! ሳብ!» ይላል፣ ባለቤቱ ውኃ እያቀረበ ዝም ብሎ ይሰማል። ዘፋኟ እናቴ ነበረች፤ ከእሷ በኋላ እኔ።

ደመወዙ ከመጣ በኋላ ነው ነገሩ የተበላሸው። ክሎቪስ የሚባል አናጺ አለ፤ ግንዱን የሚያስገባ፣ ቤቱ ወዴት እንደሚያዘነብል በዓይኑ የሚለካ፣ የመንደሩን ግማሽ ቤት ያጓጓዘ ሰው። የእሱ ቤት ወንዝ ዳር ነበር። ውኃው ሲቀርበው እንደ ሕጉ ደጅ ለደጅ ዞረ። «ክንድህን አበድረኝ» ሲል ጎረምሶቹ «ዋጋው ስንት ነው?» አሉት። ቅዳሜ ዛጎሉን ነፋ፣ ነፋ። እኔና ባሌ፣ አንድ ደግሞ አንካሳ ሽማግሌ ብቻ መጣን። በማግስቱ ጎርፉ ቤቱን ከነአልጋው ባሕር ከተተው። ከዚያ ወዲህ ክሎቪስ ከጸሎት ቤቱ ጀርባ አንዲት የብሎኬት ክፍል ተከራይቶ ይኖራል፤ ለማንም ግንድ አስገብቶ አያውቅም።

ሊዮን በአምስተኛው ምርጫ ጣልናት። ሰለቸችን፣ ሌላ ምክንያት የለውም። ያን ሌሊት ስጨፍር አደርኩ፤ ጠዋት ደግሞ የምሰድበው ሰው አጣሁ። እሷ ሁለት ሻንጣ ይዛ ወደ አባቷ የሳንቃ ቤት ተመለሰች። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ብለው የከተማ ሰዎች አላገጡባት። እሷ እቴ! በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ ጋዜጣ እያነበበች ብቻዋን ከጋዜጣው ጋር ትጣላለች። ማታ ማታ እኔ እሄዳለሁ፣ እንሰዳደባለን፣ ደስ ብሎኝ እመለሳለሁ። አብረውን የቆረቡት አልቀዋል፤ ከእነሱ የቀረነው እኔና እሷ ነን።

ባለፈው የዝናብ ወራት ግን ወንዙ የእሷንም ዳርቻ መብላት ጀመረ። አንድ ጠዋት ስሄድ የጓሮው ሎሚ ዛፍ የለም። ከኩሽናው በር እስከ ገደሉ አንድ እርምጃ ቀርቷል። መንግሥት ከተማ ውስጥ የሲሚንቶ ቤት እንስጥሽ ቢላት እምቢ አለች። ቤቱን ትልቅ መኪና እንዳይስበው ዳገቱ ለአህያም ያዳግታል። ካናዳ ያለችው የእህቷ ልጅ ደግሞ «ነይ፣ ክፍል አለሽ» እያለች በስልክ ታለቅሳለች።

«ኢስሜ» አለችኝ ሊዮ፣ ገደሉን እያየች። «ቤቱን የዳቦ ፍሬው ዛፎች ጋ፣ ኮረብታው ላይ ላስወጣው ነው። ካልሆነ ካናዳ እሄዳለሁ። እዚያ ደግሞ ስሞት በረዶ ውስጥ ነው የሚቀብሩኝ።»

«ደቦ ጥሪ ነው የምትዪኝ?»

«ደቦ አይደለም። እከፍላለሁ። ሰው በነጻ አላሠራም፤ ዕድሜዬን ሙሉ የተሟገትኩት ለዚህ ነው።»

የወንድሜ ልጅ ከርዊን የቀን ሠራተኞች አለቃ ነው፤ አጠገቤ ቆሞ ነበር። «ማ ሊዮ፣ እኔ ጎበዛዝት አመጣልዎታለሁ» አለ፣ ዓይኑ እያበራ። «ግን ሰዓታችን ሲሞላ እናቆማለን፤ እርስዎ ራስዎ ያወጡት ሕግ ነው።»

«ሰምተሻል?» አልኳት። «ቤት ኮረብታ መሐል ላይ ሰዓት ሞላ ተብሎ አይቆምም! ተመልሶ ይወርድና ያደቅቃቸዋል። ገመድ በደመወዝ አይሳብም ሊዮ። ያለ ዘፈን አይሳብም፤ እኔ ደግሞ ለተከፈለው ሰው አልዘፍንም!»

«ግትር ነሽ።»

«ካንቺ ነው የተማርኩት። ነገ ጠዋት ተነሺ፣ ጫማሽን አጥብቀሽ እሠሪ፣ ደጅ ለደጅ እንሄዳለን። አንቺ ትለምኛለሽ።»

ሴትየዋ ባሕር ማዶ ሄዳ ንግሥት ፊት ቀርባ የሙዝ ዋጋ የተከራከረች ናት። በማግስቱ ጠዋት ግን እሺ ብላ ስትወጣ የጫማዋን ክር ሦስት ጊዜ ፈትታ አሠረች። አንጀቴን በላችው።

የመጀመሪያው ደጅ የሴሊና ነበር፤ የሊዮን የሥልጣን ዘመን በትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ካለው ፎቶ በቀር የማታውቅ ወጣት እናት። «ክንድሽን አበድሪኝ» አለች ሊዮ። ጥሩ። ከዚያ ወዲያው፦ «ይህ ቧንቧችሁ ደግሞ ስንት ጊዜው ነው እንዲህ ሲያፈስ? ለሚኒስትሩ ደውዬ...»

ቆነጠጥኳት። «ቃል አትግቢ!»

«ልማድ ሆኖብኝ ነው።»

«ልማድሽን ዋጪው!»

በሁለተኛው ደጅ ስለ መንገድ መብራት ልትጀምር ስትል ክንዷን ጨምቄ አስተውኳት። በሦስተኛው አፏን በመዳፏ ይዛ ወጣች። በሕይወቷ ስንት ሺህ ደጅ አንኳኩታለች! ግን ሁልጊዜ የምትሰጠው ነገር ነበራት፦ ድልድይ፣ ክሊኒክ፣ ተስፋ። ባዶ እጇን ቆማ ለምና አታውቅም። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ድምጿ እያነሰ መጣ። ሰዉም ዓይን ዓይኗን ያያትና «እሺ እናያለን» ብሎ ይገባል። ድሮ እሷ ለእኛ የምትሰጠን መልስ ነበር እኮ።

መጨረሻ ላይ ክሎቪስ ጋ ደረስን። ደጁ ላይ ተቀምጦ የቀርከሃ የዓሣ ወጥመድ ይጠግናል። ቀና ብሎም አላየንም።

«ክሎቪስ፣ ክንድህን አበድረኝ» አለች።

ቀርከሃውን አጠፈ፣ በጥርሱ ክሩን ቆረጠ። «ዋጋው ስንት ነው?» አለ።

ሊዮ ባዶ እጇን ዘረጋች። «ዋጋ የለውም።»

«እንግዲያው ሌላ ሰው ፈልጊ» አለና ወደ ሥራው ተመለሰ።

የጸሎት ቤቱን መታጠፊያ አልፈን ወረድን። ከዚያ፦ «እንዲህ ነበር ያሉት? ያኔ፣ ቤቱ ሊሄድ ሲል?» አለችኝ።

«እንደዚሁ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«መጥቼ ነበር! ቢሮሽ ድረስ! በረኛሽ 'ጀልባ ነሽ፣ በምርጫ ጊዜ ነይ' ብሎ መለሰኝ!» ብዬ ጮህኩባት። ከዚያ ደግሞ ታሳዝነኝ ጀመር፣ ክንዷን ያዝኩ።

ቅዳሜ ዛጎሉን ራሴ ነፋሁ። ድስቱ ተጥዷል፣ ግንዱ ተደርድሯል፣ ገመዱ ሣሩ ላይ ተዘርግቷል። ሰው የለም። ሊዮ ባልዲዋን ይዛ ደረጃው ላይ ቆማለች፤ ዓይኗን ከመንገዱ አልነቀለችም። እኔ በሆዴ መንደሩን ሁሉ እረግማለሁ። ደግሜ ነፋሁ። ያን ጊዜ ከታች የሴቶች ድምፅ መጣ። አብረውኝ ድንጋይ የተሸከሙት ናቸው፤ አሁን ጉልበታቸው የሚንቋቋ አሮጊቶች፤ አንዷ በከዘራ። ከኋላቸው ሴሊና ባሏን እየጎተተች። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። ከርዊን እንኳ ጎበዛዝቱን ይዞ መጣ። «በነጻ ነው እንዴ አክስቴ?» አለኝ። «በነጻ ነው፣ አፍህን ዝጋና ያዝ!» አልኩት።

ቤቱ ከድንጋዩ ሲነሣ አቃሰተ። እኔም አንገቴን ቀና አድርጌ ጀመርኩ፦

*ባል አግቢ ብንላት አገር አገባች፣*
*አገሩ ሲፈታት ወደ እኛ መጣች!*

«እውነት ነው! ሳብ!» አለ ሰዉ፣ በሳቅ እየፈነዳ። ቤቱ ተንቀሳቀሰ። ሊዮ ከንፈሯን ነክሳ ውኃ ታቀርባለች።

*ድልድይ መረቅሁ ብላ ሪባን ቆረጠች፣*
*ዝናብ የዘነበ 'ለት ድልድዩን አጣች!*

«እውነት ነው! ሳብ!»

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያጠራቀምኩት ነው፤ ማን ያቆመኛል? የሬዲዮ ቁጣዋን ዘፈንኩ፣ የሚኒስትሩን ሱሪ ዘፈንኩ፣ በክር የታሠረ መነጽሯን ዘፈንኩ። ስሰድባት ወጣትነቴ ተመለሰ። ገበያው፣ የሙዙ መኪና፣ ባሌ ሲስቅ፣ ሁሉም ፊቴ ድቅን አለ። አሮጊቶቹ እየሳቁ ያለቅሳሉ። እሷም በሱሪው ጊዜ አልቻለችም፤ ባልዲውን አቅፋ ሳቀች።

ጸሎት ቤቱ አጠገብ መንገዱ ይታጠፋል፤ ዳገቱም እዚያ ይከፋል። እዚያ ስንደርስ ቤቱ ቆመ። ሳብን፤ ወይ ፍንክች። ከዚያ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረ። ከርዊን ዘሎ ድንጋይ ሥሩ ወሸቀበት። ሁሉም ገመዱን ጨምቆ እየተነፈሰ ቀረ። እኔም ዘፈኔ አልቋል። የግንዶቹ መንቀጥቀጥ ይሰማል፤ ይህ ቤት አሁን ከወረደ የሚያቆመው ወንዙ ብቻ ነው።

ሊዮ ወደ እኔ መጣች። «አንድ ያስቀረሽው አለ» አለችኝ ዝግ ብላ።

«ምኑን?»

«ታውቂዋለሽ። የክሎቪስን ቤት።»

«ሊዮ፣ ዘፈኑ ለሳቅ ነው። ያ አያስቅም።»

«ሕጉ 'ጥፋቱን ሁሉ' ነው የሚለው። የሚያስቀውን ብቻ አይልም።»

ቀና ስል ክሎቪስ የጸሎት ቤቱን ግድግዳ ተደግፎ፣ እጁን አጣምሮ ቆሟል። ሊዮ ስትወድቅ ሊያይ ነው የመጣው። የሰው ቁስል እሱ ፊት እንዴት ይዘፈናል?

ያን ጊዜ ክሎቪስ ራሱ ጀመረው። ድምፁ ዝግ ብሎ፣ ዝገት የበላው፦

*ቤቴን ወንዝ ሲወስደው በዓይኔ እያየሁት፣*
*የሚስብ ሰው አጣሁ ዛጎል ብነፋበት።*

ማንም አልተቀበለም። ሰዉ መሬት መሬቱን አየ። ያኔ «ዋጋው ስንት ነው» ያሉት ጎረምሶች ዛሬ ሽበት አውጥተው ገመዱ ላይ ነበሩ። ሁሉም ሊዮን ያያል። ባለቤት በዘፈን መሐል አይናገርም፤ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። እሷ ግን ባልዲውን አስቀመጠች፣ ቀጥ ብላ ቆመች፣ በዚያ ገበያውን በሳቅ ባፈረሰችበት ድምፅ፦

«እውነት ነው!» አለች።

ጀልባዎቻችን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ምክር ቤት ቆመው ይህችን ቃል ከአፏ ሊያስወጡ አልቻሉም። «ሳብ!» አለ ሰዉ፤ ሳቅ የለበትም አሁን። ቤቱ ነቅነቅ አለ። ክሎቪስ ከግድግዳው ተላቀቀ፣ እየዘፈነ ወረደ፦

*ክንድ ስለምን ዞሬ ዋጋ ጠየቁኝ፣*
*የሊዮ ደመወዝ ከሰው ለየኝ።*

«እውነት ነው!» አለች፣ ዕንባዋ እየወረደ። «ሳብ!» ክሎቪስ ግንዱን በእግሩ አስተካከለ፣ ከርዊንን ገፍቶ ገመዱን ያዘ። እንደዚያ የተሳበ ቤት አላየሁም። በንዴት ነው የወጣው። መታጠፊያውን ዞረ፣ ዳገቱን ጨረሰ፣ የዳቦ ፍሬው ዛፎች ሥር አዲሱ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። አንድ መስኮት ብቻ ተሰበረ።

ሰዉ ሲበላና ሲጠጣ ክሎቪስ ደረጃው ላይ ብቻውን ተቀመጠ። ሊዮ ሳህኑን ራሷ አቀረበችለት፤ ቆማም ጠበቀችው።

«ክንድህን በምን ልመልስ፣ ክሎቪስ?» አለችው። ሕጉ ነው፤ የተበደረ ይመልሳል።

አኝኮ ዋጠ። ቁጣ የለበትም ድምፁ፤ ሰዓት እንደሚነግር ሰው ነው የመለሰላት።

«አትመልሺም» አለ። «የምትስቢልኝ ቤት የለኝም።»

ሊዮ ቀሚሷን ሰብስባ አጠገቡ ደረጃው ላይ ተቀመጠች፤ ሳህኑ ባዶ እስኪሆን ሁለቱም ባሕሩን አዩ። እኔ የጀልባዋ ልጅ፣ ፊቴን ወደ ዛፉ አዙሬ አለቀስኩ።